መርከቤ ለምን አባዱላ መሰለች? (የጠፈር መርከብ ቁመና ምዘና)

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ በብሌንደር (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ነው) አንዲት የጠፈር መርከብ ሠራሁ። ስሟ «ዋልያ» ነው። ርዝመቷ 300 ሜትር። ከፊት ሰፌድ የመሰለ ክብ ነገር አላት፣ ከኋላ ሆድ፣ ሆዷ ላይ ሁለት ሞተር። አዎ፣ ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ድራማ ላይ ያለችውን መርከብ፣ ኢንተርፕራይዝን፣ እያየሁ ነው የሠራኋት። አልክድም።

ትናንት ማታ ለታናሽ ወንድሜ አሳየሁት። አንዴ አየት አድርጎ «አባዱላ ትመስላለች» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነው። ያናደደኝ ግን እውነቱን መሆኑ ነው። ጋላክሲ ታቋርጣለች ያልኳት መርከብ ከመገናኛ ሰው ጭና ቦሌ የምታራግፍ ነው የምትመስለው። የቱ ጋ እንደተበላሸች ሊታየኝ አልቻለም። ከጎን፣ ከላይና ከፊት የሚያሳዩ ምስሎችን አያይዣለሁ። ሳትራሩ ንገሩኝ።

ናቲ_ኮከብ፦

ወንድምህን እዚህ አስመዝግበው። ዓይን አለው።

ችግሩ መስኮቱ ነው። የሰፌዱ ጠርዝ 20 ሜትር ይወፍራል ብለሃል። መስኮቶቹ የጠርዙን ግማሽ ይዘውታል። 10 ሜትር መስኮት! የባለ ሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት እኮ ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ሜትር አያውቅም፣ መስኮት ነው የሚያውቀው። መስኮት ሲያይ «እዚህ ጋ ሰው ቆሞ ወደ ውጭ ያያል» ይላል። የቀረውን በዚያ ሰው ቁመት ይለካዋል። አንተ መስኮቱን ስታተልቀው ዓይናችን መርከቧን አሳነሳት። በጎኑ ትልልቅ መስኮት የደረደረ ነገር ደግሞ እኛ የምናውቀው አንድ ነው፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራበት።

ስታር ዋርስ ሲጀምር በስክሪኑ አናት አልፋ አልፋ የማታልቀውን መርከብ አስታውስ። ስታር ዲስትሮየር በታሪኩ 1,600 ሜትር ናት። በ1977ቱ ፊልም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተቀረጸችው ሞዴል ግን ከአንድ ሜትር ታንሳለች። 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ! ያን ሁሉ ግዝፈት ያመጣው ጥቃቅኑ ነገር ነው። ሠሪዎቹ የታንክና የአውሮፕላን መገጣጠሚያ አሻንጉሊት እየገዙ፣ ፍርክስክሱን አውጥተው ገላዋ ላይ በሙጫ ለጠፉት። «ግሪብሊ» ይሉታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ብቻ ዓይን ቆጥሮ አይጨርሰውም። ቆጥሮ ያልጨረሰውን ደግሞ ትልቅ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

መስኮቱን ያሰፋሁት ለውበት ብዬ ነበር። ብርሃኑ ከሩቅ እንዲታይ። እሺ፣ አሳንሳለሁ። ግሪብሊውን ግን እንጃ። ኢንተርፕራይዝ እኮ ልሙጥ ናት፣ ግን ትልቅ ትመስላለች።

ሰሎሜ_አርክ፦

ጥሩ ነገር አነሳህ። ናቲ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ ነው። ዝርዝር ነገር መጠንን ይነግርሃል። ቁመናን አይጠግንልህም።

አንድ ነገር አድርግ። መርከብህን ጥቁር ቀባት፣ መስኮትም መብራትም አይኑራት። ከዚያ የአውራ ጣትህን ጥፍር እስክታህል አሳንሳት። አሁንም የትኛዋ መርከብ እንደሆነች ይለያል ወይ? አርክቴክቸር ስንማር ሕንፃውንም የምንፈትነው እንዲሁ ነበር። እኔ ባያያዝከው ምስል ላይ ሞከርኩት። ይቅርታ አድርግልኝና፣ ጆሮ ያለው ድንች ነው የወጣው።

የ1966ቷን፣ የመጀመሪያዋን ኢንተርፕራይዝ በዚሁ መንገድ አጥቁራት። ወዲያው ትለያለች። የተሠራችው በዚያ ዘመን ትንሽ የቴሌቪዥን ስክሪን ላይ እንድትታይ ነው፣ ስለዚህ ሰፌዱ፣ ሲሊንደሩ፣ ሁለቱ ሞተሮች እየተነጣጠሉ መነበብ ነበረባቸው። ምስጢሩ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው። ከሰፌዱ ኋላና ከሞተሮቹ በታች ሰማዩ ይታያል። አንተ ያንን ባዶ ቦታ ሁሉ በሆድ ደፈንከው።

በቁጥር ካልከኝ፣ ያቺኛዋ 289 ሜትር ትረዝማለች፣ ሰፌዷ 127 ሜትር ይሰፋል። ስፋቷ የርዝመቷን ግማሽ አይሞላም። የአንተ 300 በ210 ናት። ይህ ኋላ በመጣው ተከታታይ ድራማ ላይ ወዳለችው ወደ 1987ቷ ኢንተርፕራይዝ ዲ ይጠጋል፤ እሷ 642 ሜትር ሆና ከ460 በላይ ትሰፋለች። አንድሩ ፕሮበርት የነደፋት ናት፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ከጎን ስታያት ምጣድ የተሸከመች ሴትዮ ናት። ከፊትና ከበታች ሲያነሷት ነው ግርማ የሚኖራት።

ወርቃማው_ቁጥር፦

ሁላችሁም ዋናውን ነገር ረሳችሁት። 1.618፣ ወርቃማው ምጣኔ! ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ውበት ሁሉ በዚህ ቁጥር ነው። ወንድሜ ርዝመቱን ለስፋቱ አካፍለህ 1.618 አድርገው፣ አለቀ።

ሰሎሜ_አርክ፦

እሺ እናካፍል። 289 ለ127 ሲካፈል 2.28 ይሆናል። የዲዋ 1.4 ገደማ ነው። ሁለቱም ወርቃማህ ጋ አልደረሱም፣ ግን ሰው አሥርት ዓመታት ሙሉ ውብ ናቸው እያለ ነው። ቁጥሩን የፈለገ ሰው የሆነ ቦታ አያጣውም። ከአንቴናው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መብራቱ እየለካህ ከሄድክ የኔ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይገኛል።

ወርቃማው_ቁጥር፦

ማቀዝቀዣሽን ልኪው እስቲ።

ጋሽ_ሃንጋር፦

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ ፊልሙን ያየሁት ልጄ አስገድዳኝ ነው። ግን 31 ዓመት አውሮፕላን ስጠግን ኖሬያለሁና አንድ ነገር ልበል።

የ1966ቷን ኢንተርፕራይዝ የነደፋት ማት ጄፍሪስ አብራሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ያገለገለ ሰው። ይህን ሳላውቅ በፊት ልጄን «ይቺን የሠራ ሰው ሃንጋር (አውሮፕላን መጠገኛ) ውስጥ የቆየ ነው» ብያት ነበር። እንዴት አወቅክ አለችኝ። ሞተሮቹን አይቼ ነዋ።

እስቲ የመንገደኛ አውሮፕላንን አስቡ። ሞተሩ ከክንፍ ስር በክንድ ተንጠልጥሏል። እሳት ቢነሳ ከሰው ይርቃል። ሲበላሽ ደግሞ ብሎኑን ፈትተህ፣ አውርደህ፣ ሌላ ታስገባለህ፤ ገላውን መቅደድ የለብህም። ጄፍሪስም እንዲሁ ነው ያሰበው። ኮከብ ለኮከብ የሚያስኬድ ሞተር አደገኛ ነው፣ ስለዚህ ከሰዎቹ ይራቅ፣ በክንድ ላይ ይውጣ አለ። ገላዋ የለሰለሰበትም ምክንያት አለው። መጠገን ያለበት ነገር ሁሉ ከውስጥ ይሁን፣ ሰው ለጥገና ወደ ውጭ አይውጣ ነው ነገሩ። ይህን ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት። ዝናብ ላይ መሰላል ወጥቶ ክዳን የፈታ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ቆርቆሮ። ሞተሮችህ ሆዷ ላይ ተለጥፈዋል። ማን ይፈታቸዋል? በየት በኩል ገብቶ? ዓይን የሚጠላውን ነገር ብዙ ጊዜ እጅ ቀድሞ ይጠላዋል።

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

ጋሼ፣ ይህንን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እርስዎ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ምስሏን ሳይ ሞተሮቹ የተጣበቀ ማስቲካ መሰሉኝ። ክንድ አወጣላቸዋለሁ። ምን ያህል ይርዘም ግን?

ጋሽ_ሃንጋር፦

ቁጥሩን አትጠይቀኝ። ሞተሩ ስር ሰው ቆሞ መሥራት የሚችል ይምሰልህ፣ ይበቃል።

ናቲ_ኮከብ፦

ክብር ለጋሼ፣ ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። ይህ «ምክንያት ያለው ነገር ውብ ነው» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። በ1968ቱ የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም፣ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»፣ ዲስከቨሪ የምትባለው መርከብ አለች፤ ከፊት የሰዎቹ ክብ ኳስ፣ ከኋላ ሞተሩ፣ በመካከል ረጅም አከርካሪ። ለሳይንስ ታማኝ ናት ይባላል። ግን እውነተኛ መርከብ ሙቀቷን የምታስወጣበት ሰፋፊ ገበታ ያስፈልጋት ነበር። መጀመሪያ ንድፉ ላይ ነበሩ። ኋላ አወጧቸው። ለምን? ተመልካቹ ክንፍ መስለውት «ጠፈር ላይ ክንፍ ምን ያደርጋል» እንዳይል። ትክክል የሆነው ነገር ስህተት ስለመሰለ ተነሳ ማለት ነው።

እንደውም ልጨምር። የኢንተርፕራይዝ አንገት ያስፈራኛል። ያን የሚያህል ሰፌድ በዚያ ቀጭን አንገት! በልጅነቴ ጠላት ሲተኩስ የምሰጋው ለካፒቴኑ አልነበረም፣ ለአንገቷ ነበር።

ሚሚ_ጀበና፦

ስለ ጠፈር አላውቅም፣ ርዕሱ ላይ አባዱላ የሚል አይቼ ነው የገባሁት 😂 ስለ አንገት ግን ዝም አልልም።

ጀበና አይታችሁ አታውቁም እንዴ? አንገቷ ቀጭን ነው፣ ሆዷ ሰፊ። ማንም «ልትሰበር ነው» ብሎ አይሰጋም። ገበያ ስወርድ መጀመሪያ የማየው አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበትን ነው። ጥሩ ሠሪ ከሆነች ሆዱ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ አንገት ይሆናል። የቱ ጋ ሆድነቱ እንዳለቀ፣ የቱ ጋ አንገትነቱ እንደጀመረ አይታወቅም። መጥፎዋ ላይ ደግሞ አንገቱ በኋላ የተሰካ ይመስላል፣ ዙሪያውን መስመር ይታያል። እሷን እሳት ላይ አልጥዳትም።

የልጁን መርከብ አየሁት። አንገቷ የሌላ ጀበና አንገት ነው።

ሰሎሜ_አርክ፦

ሚሚዬ፣ በዚህ ክር ላይ እስካሁን የተጻፈው ምርጡ ነገር ይህ ነው። ቀልድ አይደለም።

የሚገርመው በ1979ኙ ፊልም ኢንተርፕራይዝን ሲያድሷት ያደረጉት ይሄንኑ ነው። በ1966ቷ ላይ ሞተሮቹን የያዙት ሁለት ቀጥ ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ነበሩ። በታደሰችው ላይ ክንዶቹ ከሆዷ ሲነሱ ሰፍተው፣ ወደ ኋላ ተጋድመው፣ ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ። አንገቷም ከስር ወፈር አለና ቶርፔዶ ማስወንጨፊያ ተቀመጠበት። ርዝመቷ ብዙም አልጨመረም፣ 305 ሜትር ነው። ግን ቆማ የነበረችው አሁን የምትሮጥ መሰለች። ለእኔ ከሁሉም ቆንጆዋ እሷ ናት፣ በዚህ አልደራደርም።

ደግሞ መብራቷን እይ፣ ቆርቆሮ። በጨለማ ስትታይ ገላዋን የሚያበሩት የራሷ ትናንሽ መብራቶች ናቸው። ስሟ ላይ አንድ ክብ ብርሃን፣ ሞተሯ ላይ ሌላ። መብራቱ መላ ገላዋን አይሸፍንም፣ የቀረው ጨለማ ነው። ዓይን «መብራት እንኳን አልዳረሳትም» ይላል። አንተ ከሁሉም አቅጣጫ ጸሐይ አፍስሰህባታል።

ዲሲ_ሐበሻ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የ1966ቷን ሞዴል በዓይኔ አይቻታለሁ። ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ ናት። ከ1974 ጀምሮ የእነሱ ናት፣ ለዓመታት ምድር ቤት የስጦታ ሱቁ ውስጥ ነበር የቆመችው። በ2016 አድሰው ወደ ዋናው አዳራሽ አመጧት። እኔ በ2017 ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። 3.4 ሜትር ትሆናለች፤ እንጨት፣ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ናት። ትልቅነቷ አስደነገጠኝ፤ በልቤ የጠረጴዛ ዕቃ ነበር የምትመስለኝ።

ከቀኝ ጎኗ ቆሜ ፎቶ አነሳሁ። ዞሬ በግራ ስመጣ ደግሞ ሌላ መርከብ! መስኮት የላትም፣ ጽሑፉም ጎድሏል። ግራ ጎኗ አልተሠራም። የውስጥ መብራቶቿ ሽቦ በዚያ በኩል ስለሚገባ ካሜራው ሁልጊዜ ከቀኝ ነበር የሚቆመው። በግራ እንድትታይ ሲፈለግ ቀኙን ቀርጸው ፊልሙን ይገለብጡታል፤ ለዚያ ብለው ጽሑፉን ገልብጠው የሚለጥፉበት ጊዜም ነበር። እናንተ እዚህ ስለ ቁመናዋ የምትከራከሩላት መርከብ አንድ ጎን ብቻ ነው ያላት።

ስለዚህ «ቁመናዋ ያምራል ወይ» ከማለት በፊት «ከየት ቆመን» በሉ። ቆርቆሮ፣ አንተ ካሜራህን ከላይ ነው ያቆምከው። ከላይ የታየ ነገር ሁሉ አሻንጉሊት ነው። ፎቅ ላይ ቆመህ መንገዱን እይ፣ ሲኖትራክ እንኳን ክብሪት ሳጥን ይሆናል። ካሜራውን አውርደው፣ ሰፌዱ ስር አስጠጋው፣ ሰፊ ሌንስ አድርግለት።

ሁለተኛ፣ ምስሎችህ ላይ ያለው ያ ብዥታ! ሙሽራ ሳነሳ ጀርባውን ብዥ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ሙሽራዋ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ናት። ኋላው ብዥ ያለ ነገር «ካሜራው አፍንጫዬ ስር ነው» ይላል። የ300 ሜትር መርከብ ኋላዋ ብዥ ካለ ዓይን ወዲያው የእጅ መዳፍ ያህል ናት ይላል። የድሮዎቹ የሞዴል ቀራጮች ከፊት እስከ ኋላ ጥርት እንዲልላቸው የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበው እያንዳንዱን ፍሬም ረጅም ጊዜ ነበር የሚያበሩት። አንተ በአንድ ቁልፍ የምታጠፋውን!

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

ብዥታውን ያደረግኩት ሲኒማ እንዲመስል ነበር። አሁን ሳፍርበት ዋልኩ። ዛሬ ማታ ሁሉንም እሞክራለሁ።

ናቲ_ኮከብ፦

እስኪሠራ ድረስ አንድ ጸብ እናንሳ። የ2009ኙ ፊልም ኢንተርፕራይዝ።

ሰሎሜ_አርክ፦

አታስጀምረኝ።

ናቲ_ኮከብ፦

ጀመርኩሽ። እኔ እወዳታለሁ።

ሰሎሜ_አርክ፦

ሰፌዷ የአሮጌዋ ነው፣ ሞተሮቿ ከፊት ያበጡ፣ ከኋላ የሟሸሹ። ሆዷ ደግሞ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ አንገቷ የሚያርፍበት አጥቷል። በዚያ ላይ 725 ሜትር ናት ተባለ። ከላይ ያለው ድልድዩ (ካፒቴኑ የሚያዝበት ክፍል) እና መስኮቱ ግን የድሮዋን የሚያህል መርከብ ነው የሚነግርህ። ናቲ ራስህ ነህ «ዓይን መስኮት ነው የሚያውቀው» ያልከው። በራስህ ሚዛን ወደቀች።

ናቲ_ኮከብ፦

በውስጧ የሚታየው የትናንሽ መርከቦቹ ማቆሚያ አዳራሽስ? በድሮዋ ልክ ብትሆን እነዚያ ሁሉ አይገቡም። ስለዚህ ትልቅ መሆን ነበረባት።

ሰሎሜ_አርክ፦

እኮ! ውስጧ ሌላ፣ ውጭዋ ሌላ። ቤት ሠርተህ ሳሎኑ ከግቢው ቢሰፋ ምን ይሉሃል?

ጋሽ_ሃንጋር፦

ልጆች ቀስ። እኔ ያቺን አላየኋትም፣ ግን ሞተሩ ከፊት ማበጡ አያስከፋኝም። አውሮፕላኖች ላይም ባለፉት ዓመታት የሞተሩ አፍ እየሰፋ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሳየው አስጠልቶኝ ነበር። ኋላ የድሮው ቀጭኑ ያስቀኝ ጀመር። ዓይን ይለምዳል።

ሰሎሜ_አርክ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ግማሹን እቀበላለሁ። አንገቱን ግን አልቀበልም።

ሚሚ_ጀበና፦

እኔም አየኋት አሁን። አንገቱ ላይ ከሰሎሜ ጋር ነኝ። መስመሩ ይታያል።

ወርቃማው_ቁጥር፦

ማቀዝቀዣውን የለካ የለም?

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

ተመልሻለሁ። አዲሱን ምስል አያይዣለሁ። የተቀየረው ይህ ነው፦ ሰፌዱን ከ210 ወደ 140 ሜትር አጠበብኩት። ሆዷን አቅጥኜ ወደ ታች አወረድኩት፣ አሁን በመካከል ሰማይ ይታያል። ሞተሮቹ ክንድ አወጡ፤ ጋሼ እንዳሉት ስሩ ሰው አቁሜ ለካሁት፣ እውነትም አንድ ትንሽ ሰውዬ ሠርቼ አቆምኩ። አንገቷን ከሆዷ እየሳብኩ አወጣሁት፣ አልሰካሁትም፤ ሚሚ ተመልከችልኝ። የጠርዙ መስኮቶች ስድስት ረድፍ ሆኑ፣ የአንዱ ቁመት ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ግማሾቹን አጠፋኋቸው፣ ሰዎቹ ተኝተው ይሆናል። ጸሐይዋን ወደ አንድ ጎን ወሰድኳት። ብዥታው የለም። ካሜራው ሰፌዱ ስር ነው።

ጥቁር ቀብቼ፣ ጥፍር እስክታህል አሳንሼም አይቻታለሁ። ድንች አይደለችም።

ሚሚ_ጀበና፦

ይህቺን እጥዳታለሁ።

ጋሽ_ሃንጋር፦

የግራው ክንድ ከቀኙ ትንሽ ይወፍራል ወይስ ዓይኔ ነው? ከፊት የሚያሳየውን ምስል ደግመህ እየው።

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

ጋሼ ዓይንዎ አይደለም። ግራ ጎኗን ገና አልጨረስኩም። የዲሲውን ካነበብኩ በኋላ በቀኝ በኩል ብቻ ላሳያችሁ ብዬ ነበር፣ የፊቱን ምስል በስህተት አስገባሁት 😅

ዲሲ_ሐበሻ፦

ሃሃሃ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወደ ሙያው። ወንድምህስ ምን አለ?

ቆርቆሮ_ቀጥቃጭ፦

አሳየሁት። ስልኩን አስቀመጠ፣ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ትንሽ ዝም ብሎ አያትና «በሯ የት ነው?» አለኝ።

በግራ በኩል ነው አልኩት።